በሣጥኑ በር ላይ የለጠፍኩት ዝርዝር

«አንቺ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም፤ ቁልፉን አንቺ ያዢው» አሉኝ ጠበቃው። ስድብም ሹመትም ይመስል ነበር። እኔ እንደ ሹመት ወሰድኩት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ቢሯቸው መዝገብ ያዥ ሆኜ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። ቢሮ ስል ሁለት ክፍል ነች። በውስጠኛው እሳቸው ይቀመጣሉ፤ በውጪኛው እኔ፣ ታይፒስቷ፣ ጉዳይ አስፈጻሚው ሰውዬ፣ ባለጉዳይም የሚጠብቅበት አግዳሚ። ፋይሎቹ ያሉበት የብረት ቁም ሣጥን ከአግዳሚው ትይዩ ቆሟል። እስከዚያ ድረስ ያሻው ሁሉ ይከፍተው ነበር። ጉዳይ አስፈጻሚው የአንዱን ፋይል ሲፈልግ የሌላውን ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ተቀምጦ ያወጋዋል። የአንድ ነጋዴ የፍቺ ነገር፣ ጠበቃው ማመልከቻውን ሳይፈርሙበት ገበያ ላይ ሲወራ ነው ቁልፉ ወደ እኔ የመጣው።

ሥራውን ወደድኩት። ማን የትኛውን ፋይል መክፈት እንደሚችል ትልቅ ካርቶን ላይ በማስመሪያ አስምሬ ጻፍኩ፤ የመዝገቡን ቁጥር፣ የባለጉዳዩን ስም፣ እንዲያይ የተፈቀደለትን ሠራተኛ። ጥብቅ ምስጢር የሆኑትን በቀይ እስክሪብቶ አደረግኳቸው፤ እነሱን ከጠበቃው በቀር ማንም አይነካም። ጉዳይ አስፈጻሚው በየቀኑ እያየው እንዲያፍር ብዬ በሣጥኑ በር ላይ ለጠፍኩት። ጠበቃው ሲያልፉ አይተውት «ጎሽ» አሉ።

ታይፒስቷ በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች። ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «የኔ እመቤት፣ ስሙ ምን ያደርግልሻል? በቁጥር ብቻ አድርጊው» አለችኝ።

«እትዬ፣ እዚህ የሚመጣው ሰው የሚፈርመው በጣቱ ነው። ማን ሊያነበው?» አልኳት።

ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ከቀዮቹ አንዷ የገለምሶ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። በአገሩ ልማድ የሟች ወንድም ሚስቱን ይወርሳል፤ እሷ ግን አልፈልግም ብላለች። ወንድምየውም፣ ካልፈለግሽ መንገዱ ያውልሽ፣ ልጅቷ ግን የወንድሜ ናትና ከዚህ ግቢ አትወጣም ብሏታል። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ጠበቃው ያሏት አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷን ማንም ከእናቷ እንዳይነጥል ፍርድ ቤቱ እግድ እስኪሰጥ ወሬው እንዳይሰማ። ሰውየው ከሰማ ያሸሻታል። ስለዚህ በገበያ ቀን ዘንቢል ይዛ፣ ሐኪም ቤት ነው የምሄደው እያለች ትመጣለች። ይህን የምታውቀው እህቷ ብቻ ነበረች።

ፋይሏን ሳወጣና ስመልስ በዓይኗ ትከተለኛለች። አንድ ቀን፣ «ኢንተላ፣ ደህና አድርጎ ይዘጋል?» አለችኝ፤ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። ቆለፍኩና፣ ስሟ በቀይ የተጻፈበትን በር ሳብ ሳብ አድርጌ አሳየኋት። እሷ ማንበብ አትችልም። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሄደች።

በሳምንቱ፣ ልጁ በጠብ የታሰረበት አንድ ገበሬ ጠበቃውን ሊያማክር መጣ። ገበሬው ወደ ውስጥ ሲገባ፣ አብሮት የመጣው ሰው ሽርጡን ሰብስቦ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ የሣጥኑን በር ትኩር ብሎ ያይ ጀመር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መሠረተ ትምህርት የተማሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ፊደል ያዩበት ቦታ ሁሉ፣ የሱቅ ሰሌዳም የጭነት መኪና በርም ይሁን፣ ቆመው ይቆጥራሉ። እኔ ራሴ ሁለት ክረምት ገጠር ዘምቼ ስላስተማርኩ እንደዚያ ያለ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። የት ተማሩ ስለው ቀበሌ አለኝ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩትም።

ተነሥቶ ወደ በሩ ተጠጋ። ቀዩ ጽሑፍ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይቺስ ፊደል?» አለኝ። ነገርኩት። የሴቲቱን ስም ከነአባቷ ገጣጥሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ጎበዝ» አልኩት።

ጓደኛውን ሳይጠብቅ ወጣ።

በሚቀጥለው ገበያ ሴትየዋ ያለ ዘንቢል መጣች። የባሏ ወንድም ልጅቷን ልብስ ልግዛልሽ ብሎ ይዟት ወጥቷል። ሚኤሶ ላይ ባቡር ሲያሳፍራት ያየ ሾፌር አለ። እሱ ብቻውን ተመልሷል። የት ጣልካት ስትለው፣ «ከሳሽ አይደለሽ? ከሰሽ አምጫት» ብሏታል።

እግዱ ወጣ። ምን ያደርጋል። ሰውየው ተጠርቶ ፍርድ ቤቱ ግቢ ቆሞ በመስኮት አየሁት፤ ያ ጎበዝ ያልኩት ነበር። ልጅቷ ያለችበትን አላውቅም ብሎ ማለ።

በዚያው ገብቼ ለጠበቃው ተናገርኩ። አልጮኹብኝም። ዝርዝሩን ራሳቸው ገነጠሉት፣ አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና፣ «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። እሱም የቢሮ ምስጢር ነው፤ ገባሽ?» አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ።

ሴትየዋ መምጣቷን አልተወችም። ስለ ልጇ ምንም የለም ሲሏት እኔ አጠገብ ቁጭ ትልና ማን ነገረው ትላለች። እያሰበች እያሰበች እህቴ ናት አለች፤ ሌላ የሚያውቅ የለማ። እህቷ ደጃፏ ላይ ቆማ ወላሂ እያለች ስትምል በሩን ዘጋችባት። እህቷ ስትወልድም አልሄደችም። ይህን በምታወራበት ጊዜ ታይፒስቷ ጣቶቿን ከመኪናው ላይ ታነሣለች፤ ወደ እኔ ግን አትዞርም። እኔም ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መዝገቤን እሞላለሁ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሄደ።

ከዚያ አንድ ቀን መጥታ የእህቷ ሕፃን እንደሞተ ነገረችኝ። ለቅሶም አልደረሰችም።

«የሷ እንኳን ቀብሩ ይታወቃል» አለች።

«እህትሽ አይደለችም» አልኳት። «እኔ ነኝ። ስምሽን በሩ ላይ ጽፌው ነበር። እሱ መጥቶ አነበበው። ፊደሉ ሲጠፋበትም የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ሣጥኑ ዞረች። የሙጫው ምልክት ብቻ ነው የቀረው።

«እዚህ በር ላይ?»

«አዎ።»

«ሳብ አድርገሽ ያሳየሽኝ?»

«አዎ።»

ጠበቃው ከውስጥ ወጥተው በራቸው ላይ ቆመዋል። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ታይፒስቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሻርፔን ከወንበሩ አነሣሁ። ሴትየዋ እንዳልፍ እግሯን ሰበሰበችልኝ። ወጣሁ።