የአባቴ ምላስና የጎመን ክርክር

አባቴ ጎመን አይወድም። ይህ ብቻውን ለማንም ችግር አልነበረም። ችግር የሆነው ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳሩ ከፍ ማለት መጀመሩ ሲነገረው ነው። «አትክልት ያብዙ፣ ጎመን ይብሉ፣ በእግርዎ ይሂዱ» ብለው መለሱት።

በእግር መሄዱን ተቀበለ። ጡረታ የወጣ ሰው ነውና ጠዋት ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ወርዶ እስከ ታክሲ መያዣው ይሄዳል፤ ሰልፉን አይቶ፣ ለተሰለፉት ከልቡ አዝኖላቸው ይመለሳል። ጎመኑን ግን አሻፈረኝ አለ። እናቴ ስታቀርብ በዙሪያው እየዞረ ሽሮውን ጠራርጎ ይበላና ጎመኑን እንደ ደሴት ትሪው መሐል ትቶት ይነሣል።

«ሐኪሙ'ኮ ብላ ብሎሃል፣ አባዬ» ስለው፣

«ሐኪሙ ለሁሉም የሚለውን ነው ያለኝ። የእኔን ተፈጥሮ የት ያውቀዋል?» ይለኛል።

ሐሳቡን ያመጣችልኝ ይቺ አነጋገር ናት። ዱባይ የምትመላለስ የቢሮ ባልደረባ አለችኝ፤ በዚያ ሰሞን የምታወራው ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የዲኤንኤ ምርመራ ነበር። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ምራቅህን ትተፋለህ፣ ውጭ አገር ይላካል፣ ከዚያ ለተፈጥሮህ የሚስማማውን ምግብ በኢሜይል ይነግሩሃል። ሁለት አስመጣሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለአባቴ። ከባሕር ማዶ «ጎመን ብላ» የሚል ወረቀት ቢመጣለት አፉን ይይዛል ብዬ ነው።

አባቴ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄን ሁሉ? ግመል መሰልኩሽ?»

«እስከ መስመሩ ብቻ ነው።»

«ምራቅ እንትፍ የሚባለው ልጅ ለመመረቅ ነው እንጂ፣ በአውሮፕላን ለመላክ ነው እንዴ?»

«ምን ቸገረህ፣ እነሱንም መርቀህ ላክ» አለች እናቴ ከማዕድ ቤት።

ቀደም ብሎ መብላትም መጠጣትም ክልክል ስለነበር አፉ ደርቋል። ቢተፋ ቢተፋ ከአረፋ በቀር ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ይሄኔ እናቴ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና አንድ ሎሚ ለሁለት ሰነጠቀች። አንዷን ክፋይ፣ ዓይኑን እያየች፣ ቀስ ብላ መጠጠቻት። አባቴ ፊቱ ተጨማደደ፣ ጉንጩ ተሰበሰበ፣ ብልቃጡም ሞላ።

«የእኔስ የታለ?» አለችኝ ሳሽግ።

«ሁለት ብቻ ነው ያስመጣሁት፣ እማዬ።»

«እሺ» አለች። እናቴ ሳትከራከር «እሺ» ካለች መፍራት ነበረብኝ።

ቆይቶ ውጤቱ ስልኬ ላይ ገባ። አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ወተት ይስማማዋል። ቡና ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። ዝቅ ስል፣ መራራ ጣዕም ከብዙ ሰው በላይ አጉልቶ የሚቀምስ ዘረመል እንዳለውና እንደ ጎመን ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ሊመሩት እንደሚችሉ ይላል።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት።

«ጎመን ይላል?»

«ይላል፤ ግን ቀጥሎ…»

«በቃ!» ብሎ ተነሣ። «ይኸው! ዕድሜዬን ሙሉ ቀበጥ ስባል ኖርኩ፤ ለካስ ምላሴ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሚችለው ጠፋ። ውጤቱን ወረቀት ላይ አሳትሞ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ደረጃ ላይ ላገኘው ጎረቤት ሁሉ ያሳያል፤ ባለሱቁንም አስቁሞ አስነብቦታል። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን አንድ ቀን ሞቅ ያለ ጎመን በሳህን ይዛ ብትመጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አይ የኔ እህት፣ ጎመን በደሜ የለም» አላት። ሴትዮዋ ሕመም መስሏት «እግዜር ይማርዎት» ብላ ወጣች።

እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«የአንቺስ ወረቀት ምን ይላል?»

የእኔ ብዙ ነገር አልነበረውም። ጎመን አይመረኝም። እንቅልፍ ግን ከሌላው ሰው ይልቅ ሊያስፈልገኝ ይችላል፤ ጠዋት ለመንቃት ልቸገር እችላለሁ ይላል።

«አንቺ ግማሽሽ ከማን ነው?»

«ካንቺ።»

«ሌላውስ?»

«ከአባዬ።»

«እሱ ዶሮ ሳይጮህ የሚነሣ ሰው ነው። ታዲያ ይሄ እንቅልፍ የማን ነው?»

አባቴ ጉርሻውን አየር ላይ አቆመ። «አንቺ'ኮ አልተመረመርሽም!»

«በልጄ ተመርምሬያለሁ» አለች።

በማግሥቱ አልተነሣችም። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ተመላለሰ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ በመጨረሻ በሩን ቆረቆረ። «ቁርስስ?»

«ተፈጥሮዬ ነው፤ አትቀስቅሰኝ» የሚል ድምፅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ።

በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ዳቦ በሻይ በላ። ቆይቶ እንቅልፏ እስከ ምሳ ሰዓት መዝለቅ ጀመረ። ይባስ ብሎ ማዕድ ቤት ውስጥ ትታለት የምትተኛው ታጥቦ የተዘጋጀ ጎመን ብቻ ሆነ። ሽሮው «አልቋል»። ምስሩ «አልተለቀመም»። አንድ ቀን ቢሮ ሳለሁ ደወለልኝ።

«ሽንኩርት ሲቁላላ ዘይቱ መቼ ነው የሚገባው?»

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ምንም። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው» ብሎ ዘጋው። ከኋላው የቢላዋው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ቤት ስውል ደረስኩበት። ጎመኑን ቀቅሎ ውኃውን ደፍቶታል፤ አድቅቆ ከትፎ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ አቁላልቶታል። ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይጎርሳል።

«አባዬ፣ ጎመን'ኮ ነው!»

ደንግጦ ዞረ። «ጎመን አይደለም» አለ፣ አፉ እንደሞላ። «የእኔ ነው።»

ምሳ ላይ ያቺው ጎረቤታችን መጣችና ቀመሰችው። ደግማ ጎረሰች። «ኧረ ምን ያለ ጣፋጭ ጎመን ነው! ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ፣ ገና ከአልጋ ተነሥታ ፊቷን እያሻሸች።

አባቴ አፉን ከፈተ። ሴትዮዋን አያት፤ ወረቀቱ ያለበትን ኪስ ነካ ነካ አደረገ። አፉን መልሶ ዘጋው።

ለክትትል ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ስኳሩ ትንሽ ወረድ ብሏል። እሱም በኩራት ወረቀቱን አውጥቶ በዕለቱ ለነበረችው ሐኪም ሰጣት። እሷ ግን እንደ እኔ የሚያስቆማት ስላልነበረ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ታዲያ እዚህ ጋ አዘገጃጀቱን እየለዋወጡ ይመገቡ ነው'ኮ የሚለው፣ አባት።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ፣ ፊቱ ሳይለወጥ። «እንደ ወረቀቱ ነው የማደርገው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለእናትሽም አንድ አስመጪላት።»

«ለምን?»

«ያ እንቅልፍ የእሷ መሆኑን ላጣራ።»

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «እኔን ምን አሞኝ ነው የምመረመረው?» አለችና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።