ጥንቸሏ እስክትቆም

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ ባለው ጫካ የአየር ጠመንጃ ውድድር ሲኖር አንድ አዛውንት ሙሉ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ወገባቸው ላይ ፔጀር፣ ያ የድሮ መልእክት መቀበያ፣ አለ፤ ሲጮህ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ተኳሽ ትራስ ላይ ሲቀመጥ እሳቸው ጋዜጣ ያነጥፋሉ። ጠመንጃቸው አሮጌ ባለስፕሪንግ ስለሆነ የሚወዳደሩት በባለስፕሪንጎቹ ምድብ፣ በስፕሪንግ ክላስ ነው፤ በታመቀ አየር የሚሠራ ጠመንጃ የያዙት ክላሳቸው ሌላ ነው።

ዒላማዋ ከብረት የተቆረጠች ጥንቸል ናት። ጥይቱ ደረቷ ላይ ባለው ቀዳዳ ከገባ ትወድቃለች፣ አንድ ነጥብ ይያዛል። ጠርዙን ከነካ ዜሮ ነው። የወደቀችውን ተኳሹ ራሱ ገመድ ስቦ ያቆማታል። ሌሎቹ ዞር ብለው ሳያዩ ስበው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እሳቸው ግን ቀጥ ብላ መቆሟን በጠመንጃው መነጽር እስኪያዩ ንቅንቅ አይሉም።

ባለፈው እሑድ ነጥብ መዝጋቢያቸው እኔ ነበርኩ። ክላሳቸውን ለማሸነፍ አንድ ጥይት ሲቀራቸው፣ የጣሏት ጥንቸል እስክትቆም ሲያዩ ለመተኮስ የተሰጣቸው ሰዓት አለቀ።

«ጋሼ፣ አንደኛ ይወጡ ነበር እኮ! ገመድ ስበው ዝም ብለው አያልፉም?» አልኳቸው በንዴት።

ጋዜጣቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ዜሮዋን ጻፋት» አሉ። «ናቅፋ አራት ዓመት ተኩሻለሁ። የጣልኩት ሲነሳ ያየሁት ግን እዚህ ብቻ ነው።»