የካኪው ገበር

እኔ ተረት ሳልናገር ሜትር አልዘረጋም ነበር። ጠባዬ ነው፤ የወደደ ይውደድ፣ ያልወደደ ሌላ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ ገና ከሐይቋ ብዙ ሳትርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረችኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። ልጆቼን ያሳደገችልኝ ያቺ ሱቅ ናት ብል ውሸት የለበትም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ልታሰፋ የመጣችዋ ሴት በርጩማው ላይ ቁጭ ትላለች፤ እኔ ጨርቋን እየዳበስኩ እጀምራለሁ። "ሦስት እህትማማቾች ገበያ ውለው ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። አንደኛዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን የሰማ መንገደኛ በፈረሱ አሻገራት። ሁለተኛዋ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ዘላ ገባች፤ ውሃው እያላጋት ማዶ ወጣች። ሦስተኛዋ 'ወንዝ ይጎድላል፣ የሄደች ነፍስ ግን አትመለስም' ብላ ዘመድ ቤት አደረች፤ በማግስቱ በደረቅ እግሯ ተሻገረች። እሺ የኔ እመቤት፣ ከሦስቱ ማንኛዋ ትሻላለች?"

መልሷን ስሰማ ልብሱ ይታየኛል። አልቃሻዋን የመረጠች ሴት መታየት ትወዳለች፤ ለሷ አንገቷ ላይ ዳንቴል ጣል አደርግላታለሁ። ዘላ የገባችውን የመረጠች እግሯ አያርፍም፤ ሽንሽኑን ሰፋ አደርገዋለሁ። ዘመድ ቤት ያደረችውን የመረጠች አስተዋይ ናት፤ ኪስ እሰፋላትና ስትወፍርም ስታረግዝም የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ እተውላታለሁ። ተሳስቼ አላውቅም ብል እብለት ይሆንብኛል፤ ግን እምብዛም አልሳሳትም።

መልሳቸው ራሱ ያስቀኝ ነበር። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ሲዳማ ደንበኛ ነበረችኝ፤ አማርኛውን ከሲዳምኛው እያደባለቀች ስታወራ ለጆሮ ትጥማለች። ተረቱን ሳልጨርሰው "ገባች ነዋ! ቁጭ ብለሽ ብታለቅሺ ዓሣው ይሸታል!" አለችኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት የሆነች አንዲት የሰሜን ሴት ደግሞ ነጠላዋን እያስተካከለች "እቴ፣ ያለቀሰችዋ ናት ያወቀችበት። ፈረስ እያለ ማን በእግሩ ይሄዳል?" አለች። ጴንጤዋ ጎረቤቴማ ጉድ ናት። "የጸለየችዋ ትሻላለች" አለችኝ። "በተረቱ ውስጥ የጸለየች የለችም እኮ" ብላት፣ "አንቺ አላየሻትም እንጂ አለች" ብላኝ እርፍ። እሷን ከሦስተኛዋ ጋር ደመርኳትና ኪሷን ጠለቅ አደረግሁላት። ምን እንደያዘችበት አልጠየቅሁም፤ ጊዜው የሚጠየቅበት አልነበረም።

ታዲያ በአንድ ክረምት ለቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር የመስከረሙ የአብዮት በዓል ሰልፍ ዩኒፎርም ይሰፋ ተባለና ሥራው ለኔ ደረሰኝ። ካኪ ጉርድና ካኪ ሸሚዝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጣቃ ጣቃውን አስጭና ራሷ አመጣችው። ረጅም ናት፤ ድምጿ ነጎድጓድ ነው፤ ስትመጣ የተኛ ውሻ ይነሣል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ስትስቅ ያየ ሰው አላውቅም። "አንድ ዓይነት፣ አንድ መልክ!" አለችኝ። "አንዷ ከሌላዋ የምትለይበት አንድ ክር እንዳላይ።"

"እሺ ጓድ ሊቀመንበር" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ካኪውን ሳየው ግን ከፋኝ። እንደዚያ ያሉ ሴቶችን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ልክተት? ይሁን ብዬ መቀሴን አነሣሁ። ችግሩ፣ ሴቶቹ ለልክ ተራ በተራ ሲመጡ አፌ አላርፍ አለ። ወንዙን ሞላሁት፣ እህትማማቾቹን አቆምኳቸው፣ ጠየቅሁ። መልሱን ሰምቶ ዝም ማለትን ደግሞ እጄ አያውቅበትም። ከውጭ ያው ካኪ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ከውስጥ ግን ከተራረፉኝ ብጣሾች ለአልቃሻዎቹ የጉርዱ እጥፋት ስር ነጭ ዳንቴል፣ ለዘላዮቹ በሽንሽኑ መሐል ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ፣ ለአስተዋዮቹ ሰማያዊ ገበርና ኪስ አስገባሁ። ማን ያየዋል? እነሱ ብቻ ያውቁታል። ሲለኩት እንደ ልጅ ይፈነድቁ ነበር።

ሊቀመንበሯም ለልክ መጣች። እጆቿን ዘርግታ ቆመች፤ ሰዓቷን እያየች "ቶሎ በይ" አለችኝ። ተረቱን ሳልጀምረው ተውኩት። ልኳን ወሰድኩ፣ ሰፋሁ፣ ላክሁላት።

ለልምምድ የወጣነው ጉዱማሌ ሜዳ ነው። በሰልፍ ተደርድረን "ግራ! ቀኝ!" ስንል የከሰዓት በኋላው ነፋስ ከሐይቁ በኩል ተነሣ። ያንን ነፋስ የአዋሳ ሰው ያውቀዋል፤ አስፈቅዶ አይመጣም። ጉርዶቹን ብድግ! ሜዳው በአንድ ጊዜ ቀይ አበባ፣ ነጭ ዳንቴል፣ ሰማያዊ ገበር ሆነ። ሴቶቹ ጉርዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሳቅ ፈረሱ፤ ዓሣ ሻጯማ አልያዘችውም፣ ትሽከረከር ጀመር። እኔም ሞኟ፣ ሥራዬ አምሮብኝ አብሬ ሳቅሁ።

ሊቀመንበሯ አልሳቀችም። በሰልፉ መካከል ቀስ ብላ አለፈች፤ የእያንዳንዷን ጠርዝ እየገለጠች አየች። ሳቁ እየሞተ እየሞተ ሄደ። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። "ቅዳሜ ሱቅሽ እመጣለሁ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ፈራሁ። እንዴት አልፈራ! በዚያ ዘመን ቀበሌ "እመጣለሁ" ካለ የሚመጣው ማሸጊያውን ይዞ ነው። ሱቄ ከታሸገች የልጆቼ እንጀራ ታሸገ። ባሌ ከመንገድ ገብቶ ነበር፤ ሲሰማ "አፍሽ አንድ ቀን ያስበላሻል ብዬሽ ነበር" አለኝ። "አፌ ምን አደረገ? መርፌዬ ነው እንጂ!" ብዬ ጮኽኩበት። ንዴቴን የማወጣበት ሌላ ሰው አልነበረኝም። ሴቶቹ "እንተርትረውና እንመልስላት" እያሉ በየተራ መጡ። ዓሣ ሻጯ አንድ ትልቅ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ይዛልኝ መጥታ፣ "ብዪ፤ የፈራ ሰው ይርበዋል" አለችኝ። በላሁ። እውነቷን ነው፣ ርቦኝ ነበር። ጉርዳቸውን ግን አላስተረተርኩም፤ የሰፋሁትን ሰፍቻለሁ፣ የመጣው ይምጣ አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመች። ማሸጊያ የያዘ ሰው ከኋላዋ ፈለግሁ፤ የለም፣ ብቻዋን ናት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛለች። ገባች፣ በሩን ገርበብ አደረገችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ጥቅሉን ስትፈታው እኔ የሰፋሁላት የራሷ ጉርድ ነው።

"የሁሉንም አየሁ" አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። "ከዚያ ቤቴ ገብቼ የኔን ገለበጥኩት። ከውጭም ካኪ፣ ከውስጥም ካኪ።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ዓይነት ይሁን ስላሉኝ እኮ..."

"ለነሱም አንድ ዓይነት ይሁን ብዬሽ ነበር።"

አቤት! ሱቄን ልታሽግብኝ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ የራድኩላት ሴት፣ ለካ ቅር ብሏት ነው። እንደ ማንኛችንም ቅር ብሏት፣ ጉርዷን ጠቅልላ፣ ቀበሌውን አቋርጣ መጣች።

"ለሁሉም የምትነግሪያቸው ተረት አለ አሉ" አለችኝ። "ንገሪኝ።"

ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ተጠንቅቄ ተናግሬው አላውቅም። ስጨርስ ማንኛዋ ትሻላለች ብዬ ጠየቅኋት።

"ታላቅየዋስ?" አለች።

"የቷ ታላቅ?"

"የነዚህ ልጆች ታላቅ እህት ነቻ! ከገበያ ብቻቸውን አይመለሱም። ቀድማቸው ውሃው ውስጥ ገብታ ጥልቀቱን እየለካችላቸው ነው። የሚተርተው ሰው ረስቷት ነው።" ጉርዷን ጭኗ ላይ አጣጠፈችው፣ ደግሞ ዘረጋችው። "እናታችን ስትሞት ከኔ በታች አምስት ልጆች ነበሩ። ሁሉንም አሻገርኳቸው። ተምረዋል፣ አግብተዋል፣ ወልደዋል። አንዳቸውም ዞር ብለው 'አንቺስ?' አላሉኝም።"

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ያንን ተረት ለስንት ሴት ስነግር ኖሬ፣ አንድም ቀን ታላቋ የት አለች ብዬ አላሰብኩም። ለታላቅ እህት ምን እንደሚሰፋም አላውቅም ነበር። አበባውንም፣ ዳንቴሉንም፣ ኪሱንም አሰብኩ፤ ሁሉም ይገባታል አልኩ በሆዴ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ተነሣሁ። ጓድ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"እትዬ" አልኳት፣ "እስቲ ይነሡ፣ ልክዎን ልውሰድ።"

"ወስደሽ የለ እንዴ?"

"እሱ የሊቀመንበሯ ነው።"

ሳቀች። በዚያ ሁሉ ቁመቷ ሳቋ የትንሽ ልጅ ነበር። ተነሣችና እጆቿን ዘረጋች፤ ሰዓቷንም አላየችም።