አሮጊቷን የረገጣት ቀበሮ

ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንደሆነ፣ ከላምበረት ወደ ላይ ባለው ሰፈራችን ተረት የሚያወሩልን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ በዳሳ፣ የጣውላ መጋዘኑ ዘበኛ። አመሻሽ ላይ የባሕር ዛፍ ልጣጭ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያነዱና ፋኖሳቸውን አጥሩ ላይ ይሰቅላሉ፤ እኛም ዙሪያውን ተኮልኩለን፣ ጭሱ ዛሬ የማንን ዓይን እንደሚያስለቅስ እየተጠባበቅን እንሳሳቃለን። ሳይጀምሩ በፊት «እናቱ የጠራችው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተረት ጀምሮ ማቋረጥ አይወዱም ነበር።

ያኔ በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበራት ባለሱቋ ዘነቡ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ካርቱን ሲመጣ በመስኮቷ ተደራርበን እናያለን፤ እሷ ደስ ካላት ነው፣ ካላላት መጋረጃውን ሸርተት ታደርገዋለች። ካርቱኑ አንገቱ ላይ ቢጫ ሻርፕ የጠመጠመ ቀበሮ ነው። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። ወሬው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለምን እንደሚሮጥ የገባው አንድም ልጅ አልነበረም። ታዲያ ወደ ጋሽ በዳሳ ሄደን ያየነውን እንዘከዝክላቸዋለን፤ እሳቸው ቴሌቪዥኑን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

«ከዚያስ? ሌላ ማን ታየ?» አሉን አንድ ማታ።

«አንዲት አሮጊት፣ እንጨት ተሸክማ፣ ጎብጣ፣ ፊቷ አይታይም።»

ጋሽ በዳሳ ፍሙን በእንጨት ጫፍ ትንሽ ነካኩና «እናቱ ናታ» አሉ። አንድ ንጉሥ የቀበሮውን እናት ሰው አድርጎ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከተራራ እንጨት እንድታወርድ ፈርዶባታል፤ ልጇ አገር ላገር የሚሮጠው እሷን ፍለጋ ነው፤ ግን ሸክሙ አጉብጧት ፊቷ ስለማይታይ ሁልጊዜ ሳያውቃት በአጠገቧ ያልፋል። ይህን ሲነግሩን አንድም ልጅ አልሳቀም። እንዴት ይሳቅ? የአብዛኞቻችን እናቶች ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚያድሩ ናቸው። የኔ እናት ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ከጫካ ጠባቂ ተደብቃ ጭራሮዋን ትሰበስባለች፣ ስትመለስ ከሩቅ የማውቃት በእግሯ ነው እንጂ በፊቷ አይደለም።

ከዓመት በኋላ ዘነቡ ከሱቋ ጎን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ቀጥላ ጌም ቤት ከፈተች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠጋገነ ጆይስቲኮች፣ በላብ የቆሸሸ አግዳሚ ወንበር። ልጇ ታምሬ ሳንቲም ይቀበላል፣ ካሴት ይቀይራል፣ ሲፈልግም በነፃ ይጫወታል። ሴት ልጅ አትገባም ነበር፤ እኔ ግን እህቴን አዝዬ «ልታስተኛት ነው» እያሰኘሁ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ከዚያ ቆሜ ያላየሁት የለም፣ ማን ከእናቱ ቦርሳ ሰርቆ እንደመጣ ሳይቀር። ከካሴቶቹ አንዱ ላይ የኛው ቀበሮ ነበረ! ያው ሻርፕ፣ ያው ሩጫ፣ አሁን ግን በኛ እጅ የሚዘል። የሚያጠቁትን አውሬዎች ጭንቅላታቸው ላይ እየዘለለ ይረግጣቸዋል፤ በረገጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ጌሙ ለአንድ ስሙኒ ሦስት ነፍስ ይሰጣል።

አራተኛው ስቴጅ ላይ ወንዝ አለ። ወንዙ ዳር ያቺ አሮጊት ከነሸክሟ ትመጣለች።

የሰፈራችን ልጅ ሁሉ እዚያ ነበር የሚሞተው። ሊዘሏት ይሞክራሉ፣ ሸክሟ ትልቅ ስለሆነ አያልፏትም፣ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። መርገጥ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ማን ይደፍራል! «ይቅርታ እማማ፣ ይለፉ» እያሉ ወደ ኋላ የሚሸሹላት ነበሩ። አንዱማ ቀበሮውን ቁጭ ብድግ እያደረገ እጅ ያስነሣላት ነበር። ከክረምት እስከ ጥር አምስተኛውን ስቴጅ ያየ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም፤ ማንም ደግሞ አላፈረበትም።

አንድ ቀን ታምሬ ጆይስቲኩን ከሌላ ልጅ ነጠቀና ዘሎ አሮጊቷ ጀርባ ላይ ወጣባት። «ቲንግ» አለ። ሸክሟ ተበተነ፣ እሷ ጠፋች፣ የተበተነው እንጨት ወንዙ ላይ ድልድይ ሆኖ ተዘረጋ። ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ! ለካስ መንገዱ እሷ ነበረች። ያን ዕለት ማታ ልጆቹ ተንጋግተው ጋሽ በዳሳ እሳት ዳር ቆሙ፤ የተቀመጠ የለም።

«ጋሼ፣ ዋሽተውናል! እናቱ አይደለችም፣ ስትረገጥ ነጥብ ትሰጣለች!» አለ ታምሬ።

«ማን አለ?»

«ጌሙ ነዋ!»

«የሠራው ሰውዬ አያውቃትም፤ ምን ያድርግ» አሉ ጋሽ በዳሳ ሳይቆጡ። «እናንተ ግን ታውቋታላችሁ።»

ሳቁባቸው። «አሮጌ ካሴት!» አላቸው አንዱ፣ ሌላው ደገመው፣ እየተሳሳቁ ሄዱ። ፍሙ ዳር የቀረነው እኔና ጀርባዬ ላይ የተኛችው እህቴ ነበርን። እኔም ያኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ ነገሩ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ መንገድ ላይ ገባ። ሴቶቹ ከጫካ ሲወርዱ ልጆቹ ከኋላ እየተከተሉ «ቲንግ! ቲንግ!» ይላሉ። ከነሱ መሐል እናቱ በዚያው መንገድ የምትወርድ ልጅም ነበረ! ፊቷ ስለማይታይ ያላወቃት ይመስለኛል። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ፣ ታምሬ ከኋላ ተንደርድሮ መጣና የእናቴን ሸክም በሁለት እጁ መታው። በጉልበቷ ወደቀች። ገመዱ ደረቷ ላይ እንደታሰረ ነበርና መነሣት አቃታት፤ እንጨቷ ጭቃው ላይ ተበተነ። «ድልድዩ ወጣ!» ብለው አጨበጨቡ፤ አንዱ ደግሞ እንጨቷን እየረገጠ ተሻገረበት። እኔ እየጮኽኩ ስደርስ እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

«ተያቸው ልጄ። እንጨቱን ልቀሚ፣ ሳይርስ።»

ጉልበቷ ይደማ ነበር።

ዘነቡ ሱቋ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ምድጃዋ የሚነደው በማን እንጨት እንደሆነ መላው ሰፈር ያውቃል! «ውይ፣ ጨዋታ ነው እኮ!» አለች። «ልጆች አይደሉ እንዴ? እናንተስ ብትሆኑ መንገዱን ሁሉ ሞልታችሁ ነው የምትሄዱት።»

በነጋታው ለጨው የተላክሁበትን ሳንቲም ይዤ ጌም ቤቱ ገባሁ፤ እህቴ ጀርባዬ ላይ ናት። ታምሬ ሳቀ፣ ግን ሳንቲም ሳንቲም ነው፣ ሰጠኝ። ለወራት በሩ ላይ ቆሜ ስላየሁ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አራተኛው ስቴጅ ደረስኩ። አሮጊቷ መጣች። ጆይስቲኩን ለቅቄ እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ቀበሮው ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ርገጫት!» አለ ታምሬ።

አሮጊቷ ነካችው፣ አንድ ነፍስ ሄደች።

«ኧረ ርገጫት! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሁለተኛዋም ሄደች።

«ይቺ ልጅ አብዳለች፣ ውሰዱባት!»

«የራሴ ሳንቲም ነው፣ አልረግጣትም!» ብዬ ጮኽኩ፤ እህቴ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። «የማንንም እናት አልረግጥም! አንተ የራስህን እናት ርገጣት!» ሦስተኛዋም ሄደች።

በተረት ቢሆን ልጆቹ አፍረው አንድ በአንድ ይወጡ ነበር። አልወጡም፤ እውነቱን ልናገር። ደጁን ሳልሻገር ቀጣዩ ልጅ ሳንቲሙን ሰጠ፤ የቆርቆሮውን በር ስዘጋ «ቲንግ» ሲል ሰማሁት። ያለ ጨው ገብቼ ስለተቀጣሁት አላወራም። ማታ ለጋሽ በዳሳ ነገርኳቸው። «ቀበሮው አውቋት ቢቆም እናቱ ምን ትለዋለች?» አልኳቸው። «እስካሁን የቆመላት ስለሌለ እሱን አላውቅም» አሉኝ፤ አውቃለሁ ብለው ሊዋሹኝ አልፈለጉም። ጥቂት ወር ቆይቶ መጋዘኑ ተዘጋ፣ እሳቸውም አገራቸው ገቡ፤ ሰፈራችን ሌላ ተረት ነጋሪ አላገኘም።

እናቴ ያንን ጉልበቷን እስክትሞት ድረስ በብርድ ታሸው ነበር። ታምሬ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ልጅነቱ ጌም እየሳቀ ያወራል፤ የእናቴን ጉልበት አያነሣውም። ዘነቡ አርጅታለች። ወገቧ ጎብጦ ፊቷ መሬት መሬቱን ሆኗል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አስፋልቱን መሻገር ያቅታታል፣ መኪናው ደግሞ ለማንም አይቆምም። እጇን ይዤ የማሻግራት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሲያየን «አንቺ ቂም የሌለሽ!» ይለኛል።

አለኝ እንጂ! አሻግራታለሁ፤ አንቱ ግን አልላትም።