ሁለት ትርፍ ክረምቶች

በሕንድ አገር በዳርዋድ ከተማ፣ ከቤቴ ሦስት በር አልፎ የኖረው ዶክተር ጉሩናት ሂሬማት ዕድሜውን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ፊተኛውን ለፊዚክስ፣ ኋለኛውን የሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ አዋለው።

የሸማኔ ልጅ ነው። በተማሪነቱ ከፕሮፌሰር ናድጊር ጋር በኮሌጁ ጣሪያ ላይ ቆሞ የዝናብ ጠብታ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚሸከም ይለካ ነበር። አንድ ዓመት የሚለኩበት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱ ቢታወቅ፣ ፕሮፌሰሩ የክረምቱን ልኬት በሙሉ ሰርዘው ጣሉት። ጉሩናት እንግሊዝ አገር ተምሮ ተመለሰ፤ ሠላሳ ዓመት አስተማረ፤ ጡረታ ሲወጣ የሟቹን መምህሩን ታሪክ ጻፈ። ረቂቁንም ለፕሮፌሰሩ ታናሽ እህት፣ ለሰማንያ ስድስት ዓመቷ ለወይዘሮ ጎዳባይ ያነብላቸው ጀመር።

«ቆይ እስቲ፤ መቼ ተወለደ አልክ?» አሉት።

«ጁን አንድ፣ እትዬ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ እንደዚያ ነው የሚለው።» ዓመቱንም ነገራቸው።

«በዚያው ዓመት የተወለድኩት እኮ እኔ ነኝ። ለካ መንታ ኖረናል፤ እናቴ ሳትነግረኝ ሞተች።»

ከቆርቆሮ ሣጥናቸው በቢጫ ጨርቅ የተጠቀለለውን፣ ፕሮፌሰሩ በተወለዱ ጊዜ ኮከብ ቆጣሪ የጻፈላቸውን ወረቀት አወጡ። ልደታቸውን ከመዝገቡ በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ያስቀድመዋል።

«ፈንጣጣ ይዞት ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀረ። ከክፍሉ ልጆች እንዲስተካከል ርዕሰ መምህሩ ዕድሜውን ቀነሱለት። ጁን አንድ ትምህርት የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ለሁሉም እሱን ይጽፋሉ። አንተስ መቼ ነህ?»

«ጁን አንድ።»

«አላልኩህም?»

ጉሩናት አልሳቀም። በወረቀቱ ስሌት ፕሮፌሰሩ ሁለት ክረምት ቀድመው ጡረታ መውጣት ነበረባቸው፤ ስማቸውን ያስጠራው ልኬት ደግሞ የተገኘው በእነዚያው ሁለት ክረምቶች ነው። ወንበራቸውን ለመረከብ ሲጠብቅ የኖረው ታናሽ መምህርም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል።

«እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«በየዓመቱ በልደቱ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ራሱን ዘይት የማሸው እኔ ነበርኩ። በጁን አንድ አሽቼው አላውቅም።»

«እንግዲያው መዝገቡ እንዳለው ልተወው። የሰው ስም ነው፣ እትዬ።»

«ታላቅ ወንድሜን መንታዬ ልታደርገው? ለሁለት ደቂቃ ብሎ የክረምት ሥራ ያስጣለህ ሰው እኮ ነው። አንተ ሁለት ዓመት ትውጥለታለህ?»

ሦስት ሳምንት ብዕር አላነሣም፤ ማለዳ ማለዳ በረንዳው ላይ ሲመላለስ አየው ነበር። በመጨረሻ እውነተኛውን ቀን ጻፈ፤ ስለ ሁለቱ ክረምቶች አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከተማውን ለቆ ስለ ሄደውም መምህር ስሙን ጠቅሶ ሌላ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። ለምረቃው አዳራሽ ቃል የገባው ኮሌጅ ቃሉን አጠፈ። መጽሐፉ በወይዘሮ ጎዳባይ በረንዳ፣ በአሥራ ሁለት ሰው ፊት፣ ፔዳ በሚባለው የከተማው የወተት ጣፋጭ አንድ ሳህን ተመረቀ።

አሮጊቷ በኋላ ሽፋኑ ላይ ስለ ጸሐፊው የተጻፈውን አስነብበው ሰሙ። «ያንተ ልደት የታለ?»

«እናቴ ዝናብ የበዛበት ዓመት ነበር ትል ነበር እንጂ ቀኑን አታውቀውም። አይታወቅም ብዬ ጻፍኩ።»

«እንግዲህ ራስህን ዘይት የምትታሽበት ቀን የለህም ማለት ነው» አሉና የፔዳውን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።