ዐሥራ አንድ ደቂቃ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የመምህራን ቡድናችን መሪ ያደረጉኝም ኳስ ስለማውቅ አይደለም፤ ጩኸቴ ሜዳውን ስለሚያዳርስ ነው። አንድ ቀን ታዲያ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣው አየርላንዳዊ ባልደረባችን፣ በአገሩ ደሞዝ እየተከፈለው ኳስ ይጫወት እንደነበር ሰማሁ። ጉድ በል አሰላ! የሁሩታ መምህራን ባለፈው አራት አግብተውብን እየዘፈኑ ነው የሄዱት፤ እሱ ግን ዓመት ሙሉ ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብልን ከርሟል።

ልምምድ ላይ ይዤ በእንግሊዝኛ አፋጠጥኩት። "ለምንድነው የማትጫወተው?"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። መጀመሪያ ጉልበቱን አሳበበ፤ እኔ ግን በየእሁዱ ዳገት ሲወጣ አየዋለሁ። ቆይቶ እውነቱን አወጣው። ገና ጎረምሳ ሳለ ለአንድ ቡድን ፈረመ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ተቀይሮ ገባ፣ በገባ በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ጉልበቱ ከዳው። ኳስ እንኳን አልነካም። በቃ፣ የኳስ ዘመኑ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ መግባት ያሳፍረዋል። አንጀቴን በላው።

አጠገባችን ጡረታ የወጡ የሩጫ አሠልጣኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሯጮች የሚለኩበት ሰዓት እስካሁን ከአንገታቸው አልወረደም።

"ምንድነው የሚለው?" አሉኝ።

"የኳስ ነገር ነው አባባ። ሌላው በዐሥር ዓመት የሚጨርሰውን እኔ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ጨረስኩት ነው የሚለው።"

ብድግ አሉ። "በዐሥራ አንድ? ማሻ አላህ! ጀባዱ ልጄ፣ በርታ!"

ለእሳቸው ሰዓት ባጠረ ቁጥር ሰውየው ጎበዝ ነው፤ ሌላ ሂሳብ አያውቁም። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ይልቅ ያሉትን እንዳለ ተረጎምኩለት። ዓይኑን አፈጠጠ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ "ትርፍ ማልያ አለሽ?" አለኝ።

ቅዳሜ ከሁሩታዎች ጋር ገጠምን። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሦስት ለባዶ እየተመራን ነው፤ የእኔም ድምፅ ተዘግቷል። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር አስገባሁት። አባባ ሰዓታቸውን ተጫኑ። ሰውየው እግሩን ጎተት እያደረገ ሮጠ። ኳሷ መጣችለት፤ በደረቱ አብርዶ ለስፖርት መምህራችን አሻገራት፤ ጎል! እልልታዬን አቀለጥኩት። በደስታ ሳላስበው ዳኛውን አቀፍኩት፤ ባሌም አይቷል። ያሸነፉት ያው ሁሩታዎች ናቸው፣ ይዝፈኑ!

ፊሽካው ሲነፋ አባባ ሰዓታቸውን አቁመው ወደ እሱ ሄዱ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉና፣ ሰው እንዳይሰማባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አይዞህ ልጄ፣ ብርዱ ነው። ከድሮህ በአንድ ደቂቃ ዘግይተሃል" አሉት።

ተረጎምኩለት። ሰዓቱን ጎንበስ ብሎ አየው፤ ዐሥራ ሁለት ይላል። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳይለይልኝ፣ አባባን ከነጋቢያቸው ብድግ አድርጎ ተሸከማቸው።

"ተው!" ይላሉ እላይ ሆነው፣ "ጉልበትህን!"