አማቴ የመረጡት መንደር

አማቴ ሶማላታ ካንዲ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። የተወለዱት ግን ደቡብ ባሕር ዳር፣ ዌራሉጋማ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ትልቁ ማዕበል መንታ እህታቸውን ሲሪማላታን ከወሰደ ወዲህ ወደዚያ ዝር ብለው አያውቁም። አስከሬኗም አልተገኘም።

አምና በየወሩ ከሚከበረው የሙሉ ጨረቃ በዓል አንዱ ዓርብ ዋለ። እኔና ባለቤቴ ኒሉካ ባሕር ዳር ልናርፍ አሰብንና ወዴት እንሂድ በሚለው ተከራከርን። ሚሪሳ ስላት ጭፈራው አያስተኛም አለች። ፖልሄና ስትለኝ ሰው ይበዛበታል አልኳት። አማቴ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ ዌራሉጋማ ይሻላል አሉ።

ኒሉካ ደነገጠች። “እማዬ፣ የምርሽን ነው?”

“እስከ መቼ ልፍራው?”

ዓርብ ከሰዓት ደረስን። መንደሩ በአዳዲስ የእንግዳ ማረፊያዎች ተሞልቷል። አማቴ የድሮ ቤታቸው የቱ ጋ እንደነበር ሊያሳዩን ሞከሩና ጠፋባቸው። ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲራመዱ፣ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ከደጃፋቸው ብድግ አሉ።

“ሲሪማላታ፣ እስካሁን የት ቆይተሽ ነው?”

ተሳስተዋል ይሏቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አማቴ ግን አሮጊቷ እግር ሥር ተንበረከኩና ጉልበታቸውን ያዙ።

“ልጅቷን አልለቀቅኳትም፣ እትዬ።”

አሮጊቷ የአማቴን ራስ ዳበሱ። “አውቃለሁ። አንቺ መች ትለቂያለሽ።”

የአሮጊቷ ልጅ ወጥቶ እኔን ወደ ጎን ወሰደኝ። እናቱ ካረጁ ወዲህ ጊዜው እንደሚምታታባቸው ነገረኝ። በማዕበሉ ዕለት ሲሪማላታ ትንሿን እህቱን አቅፋ ስትሮጥ ሰው አይቷታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ያየ የለም።

ወደ ካንዲ ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ስለ ሕፃኗ ያውቁ እንደሆነ አማቴን ጠየቅኋቸው።

“ማንም ነግሮኝ አያውቅም” አሉ።

“ታዲያ እንዴት እንደዚያ አሉ?”

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “እኔ እንጃ። አፉ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አልነበረም።”

ከዚያ ወዲህ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ብቻቸውን ወደ ዌራሉጋማ ይሄዳሉ፤ ከአሮጊቷ ጋር ውለው ይመለሳሉ። እዚያ የሚጠሯቸው በእህታቸው ስም ነው። አሁን አሁን እኛም ቤት ሶማላታ ሲባሉ ቶሎ አይመልሱም።